ሥራ ጡት አያስጥልም



በዛሬው ጽሑፋችን ስለ እናት ጡት ወተት እንነጋገራለን። ነገሩ የተነሣው በእኛው በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው። ስለዚህ ከዚያው እንጀምር።

አንድ ማክሰኞ ማታ የ«ጠ»ን ዘር እያስተማርሁ ነበር። በጥቁር ሰሌዳው ላይ «ጡት» ብዬ ጻፍሁ። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ አነበቡ። አንዲት ወጣት እናት ግን ዝም አለች። የሦስት ወር ተኩል ልጇን ታቅፋ መሬት መሬት ታያለች።

«ምነው እኅቴ? ፊደሉ ጠፋሽ ወይ?» አልኋት።

«ፊደሉስ አልጠፋኝም። ጡቱ ነው ከልጄ ሊጠፋበት» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ነገሩን አጫወተችን። የችግኝ ጣቢያው በቀን ሠራተኛነት ቀጥሯታል። ሥራው የሚጀመረው በሚመጣው ሰኞ ነው። ቤቷ የማዳበሪያ ዕዳ አለባት። ችግኝ ጣቢያው በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ጧት 1 ሰዓት ወጥታ ማታ 11 ሰዓት ትመለሳለች። ልጁን ይዞ መሥራት አይቻልም ተብላለች። ስለዚህ ጡት አስጥላ የላም ወተት በጡጦ ልታስለምደው ቆርጣለች።

አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ። በጣቢያችን ካሉት ተማሪዎች በዕድሜ ትልቋ እርሳቸው ናቸው። «አንቺ ልጅ፤ ችግኝ እያጠጣሽ ልጅሽን ልታደርቂ ነው?» አሏት።

አንድ ጎልማሳ ገበሬ ደግሞ «እማማ፤ ዕዳው እኮ ዕዳ ነው! እንጀራ ይቀድማል» አለ። ሌላዋ ሴት «ውሎውን ፀሐይ የመታው ጡት እንደሆነ ለልጅ ሆድ አይሆንም ይባላል» አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አስተማሪው ምን ይል ይሆን?

እውነቱን ልንገራችሁ። እኔ የ22 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ልጅ የለኝም። ስለ ጡት ወተት የማውቀው ጠብቼ ማደጌን ብቻ ነው። «አላውቅም። የሚያውቅ እንጠይቅ» አልኋቸው። ሐሙስ ማታ የቀበሌያችንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋበዝናት። መጣች። ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማረችን። ከዚህ በታች የምታነቡት ከእርሷ የተማርነውንና እኔም በኋላ ከመጻሕፍት ያገላበጥሁትን ነው።

ወተቱ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው ጡትን እንደ ጎተራ ያስበዋል። ከጎተራ እህል በወሰድን ቁጥር እህሉ ይጎድላል። ጡት ግን እንደ ጎተራ አይደለም። ጡት እንደ ምንጭ ነው። ምንጭ ሲጠርጉት ይፈስሳል፤ ሲተዉት ይደፈናል።

ልጁ ሲጠባ የእናቲቱ ገላ መልእክት ይደርሰዋል። «ወተት ተፈልጓል፤ አምርት» የሚል መልእክት ነው። ብዙ ከጠባ ብዙ ይመረታል። ወተቱ ሳይወጣ ጡት ውስጥ ተጠራቅሞ ከዋለ ግን ገላ «አልተፈለገም» ብሎ ማምረቱን ይቀንሳል። ወደ ሥራ የሄደች እናት ወተት የሚደርቅበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። ሥራው ራሱ አያደርቀውም። ቀኑን ሙሉ ሳይወጣ መዋሉ ነው የሚያደርቀው።

እንግዲያው መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል። ልጁ በሌለበት ሰዓት እናቲቱ ወተቱን በእጇ ታልበዋለች። ምንጩ አይደፈንም። የታለበውም ወተት ለልጁ ምግብ ይሆናል።

«ማለብ» የሚለው ቃል ሲነገር ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «እንዴ! እኛ ላም ነን እንዴ?» አለች። የጤና ሠራተኛዋም አብራ ሳቀች። ከዚያ «ላሟን ለሰው ልጅ ስናልባት አላፈርንም። ለራሳችን ልጅ ስንል ለምን እናፍራለን?» አለች። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

እስከ 6 ወር ድረስ ጡት ብቻ

ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት። መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ወፍራም ወተት እንገር ይባላል። አንዳንድ ቦታ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ይደፋል። በምትኩ ለሕፃኑ ቅቤ ያልሱታል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። እንገር በሽታን የሚከላከል ኃይል በብዛት አለበት። እንደ መጀመሪያ ክትባት ቁጠሩት።

ከዚያ እስከ 6 ወር ድረስ ልጁ ከጡት ወተት በቀር ምንም አያስፈልገውም። ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ከጡት ወተት 100 እጅ ውስጥ 88 እጅ ያህሉ ውሃ ነውና። በቆላ ሙቀትም ቢሆን ጥሙን ይቆርጥለታል።

ከ6 ወር በኋላ ገንፎና ሌላ ለስላሳ ምግብ ይጀምራል። ጡቱ ግን አይቋረጥም። እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

የ3 ወር ልጅ የላም ወተት ቢጠጣስ? የላም ወተት ለጥጃ የተሠራ ነው። ለጨቅላ ሕፃን ሆድና ኩላሊት ይከብዳል። ደግሞም የጡጦው ጫፍ ለማጠብ ያስቸግራል። ወተት እዚያ ውስጥ ቀርቶ ይበላሻል። ዝንብ ያርፍበታል። ከዚያ ተቅማጥ ይመጣል። ተቅማጥ የስንቱን ሕፃን ሕይወት እንደቀጠፈ እናንተው ታውቃላችሁ። የችግኝ ጣቢያው የቀን አበል ያንን ሊመልስ አይችልም።

አስተላለቡ እንዴት ነው?

እናት ሆይ፤ ሥራ ከመጀመርሽ ከ1 ወይም 2 ሳምንት በፊት ተለማመጂው። መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ ብቻ ቢወጣ አትደንግጪ። እጅ እየለመደ ሲሄድ ይጨምራል።

1. አፈ ሰፊ፣ ክዳን ያለው ንጹሕ ዕቃ አዘጋጂ። ብርጭቆ ወይም ሲኒ ይሆናል። በሳሙና እጠቢው። ከዚያ በፈላ ውሃ ቀቅዪው። በወይራ የታጠነ ቅልና ግሬራ ለላም ወተት ጥሩ ነው። ለዚህ ግን አይሆንም። ውስጡን አጥርቶ ማጠብ አይቻልምና።

2. እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።

3. በምቾት ተቀመጪ። ልጅሽን አስቢው ወይም እየው። ይህ ቀልድ አይደለም። እናት ልጇን ስታስብ ወተቱ ይወርዳል። ጡትሽን በቀስታ እሺው።

4. አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌባ ጣትሽን ከታች አድርጊ። በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ጠቆር ያለ ክብ አለ። ጣቶችሽ ከዚያ ክብ ጠርዝ ላይ ይረፉ። ጫፉን ራሱን አትጭመቂ፤ ያማል እንጂ ወተት አይወጣም።

5. ጣቶችሽን መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ። ከዚያ እርስ በርሳቸው አቀራርቢና ጨመቅ አድርጊ። ልቀቂ። እንደገና ግፊ፤ ጨመቅ፤ ልቀቂ። ጣትሽ በቆዳው ላይ መንሸራተት የለበትም።

6. ጣቶችሽን በክቡ ዙሪያ እያዞርሽ ከሁሉም በኩል እለቢ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ካለብሽ በኋላ ወደ ሌላው ጡት ሂጂ። ከዚያ ተመለሺ። በጠቅላላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል።

ማለብ ማሳመም የለበትም። ካመመሽ አያያዝሽ ተሳስቷል። የጤና ሠራተኛዋን አሳይኝ በያት።

የታለበው ወተት እስከ መቼ ይቆያል?

ማቀዝቀዣ ያለው ቤት እስከ 4 ቀን ሊያስቀምጠው ይችላል። በእኛ ቤት ግን ማቀዝቀዣ የለም። በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ፣ ተከድኖ፣ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። በቆላ ሙቀት ከዚያ ያነሰ ነው።

እንስራ ያለበትን ጥላ ጥግ ታውቁታላችሁ። ከቤቱ ሁሉ የሚቀዘቅዘው እርሱ ነው። ዕቃውን በደንብ ከድናችሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳሕን ውስጥ አስቀምጡት። ከምድጃ አጠገብ አይሁን። ፀሐይም አያግኘው።

ወተቱ ሲቀመጥ ስቡ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከታች ሰማያዊ የሚመስል ቀጭን ይቀራል። ይህ መበላሸት አይደለም። ቀስ አድርጋችሁ ብታዞሩት ይዋሃዳል። ወተቱን እሳት ላይ ጥዳችሁ አታፍሉት። ማሞቅ ካስፈለገ ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት። ልጁ ጠጥቶ የተረፈውን ደግሞ ለሌላ ጊዜ አታቆዩት።

በሲኒ ማጠጣት

የልጁን ወተት የሚያጠጣው ቤት የቀረው ሰው ነው። አያት፣ አባት ወይም ታላቅ እኅት ሊሆን ይችላል። በጡጦ ፈንታ በሲኒ ይስጡት። ሲኒ ለማጠብ ቀላል ነው። ልጁም የጡጦ ጫፍ ለምዶ የእናቱን ጡት እንቢ አይልም።

ልጁን ቀና አድርጋችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት። የሲኒውን ጠርዝ በታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉ። ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ዘንበል አድርጉት። ልጁ ራሱ በምላሱ ይልሳል። አፉ ውስጥ አታፍስሱበት፤ ትን ይለዋል። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ለአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 2 የቡና ሲኒ ወተት ይበቃዋል። ሲጠግብ አፉን ይገጥማል። ያኔ ይብቃ።

ሥራ ላይ የዋለች እናት

ከቤት ስትወጪ አጥቢው። እንደ ተመለስሽ ሌላ ሥራ ሳትጀምሪ አጥቢው። ሌሊት አብሮሽ ይተኛ። ሌሊት ማጥባት ወተትን በብዛት የሚያመጣ ነው። ቀን የጎደለውን ሌሊት ይሞላዋል።

ሥራ ቦታ ጡትሽ ሲሞላ እለቢ። የምታስቀምጪበት ቦታ ባይኖር እንኳ አልበሽ ድፊው። ይህ ማባከን አይደለም። ምንጩ እንዳይደፈን መጥረግ ነው። ወተት ታጉሮ ሲውል ጡት ያብጣል፤ ይጠጥራል። ከቀላ፣ ካቃጠለና ትኩሳት ካመጣብሽ ሳትውይ ሳታድሪ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ጡቱን ግን ማጥባት አታቁሚ። ካቆምሽ ይብስበታል።

ስለ ፀሐይ የተነሣው ጥያቄም መልስ አገኘ። ፀሐይ ጡት ውስጥ ያለውን ወተት አያበላሸውም። ጡት ውስጥ ያለ ወተት የእናቲቱን የገላ ሙቀት ይዞ ይኖራል። ከሥራ የተመለሰች እናት ላቧን ትጠብ፤ ውሃ ትጠጣ፤ ታጥባ። የሚደፋ ወተት የለም።

አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ። የምታጠባ እናት ትራባለች። ከወትሮው በላይ በቀን 2 ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። ውድ ምግብ አላልንም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ እንጀራ፣ ቢገኝ እንቁላል። በብዙ ቤት እናት የምትበላው መጨረሻ ነው፤ የተረፈውን ነው። አባቶች ሆይ፤ ይህ ለእናንተ ነው። ለምታጠባ ሚስትህ ያጎረስኸው ጉርሻ ልጅህ አፍ ይገባል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት የተቀጠረች ሴት ስትወልድ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ከመውለዷ በፊት 30 የሥራ ቀን ነው። ከወለደች በኋላ ደግሞ 90 የሥራ ቀን ነው። ሴቶች ልጆቻችሁ ፋብሪካ ወይም የአበባ እርሻ ተቀጥረው እንደሆነ ይህን ንገሯቸው።

ሴፍቲኔት ባለበት ወረዳም ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ለጊዜው ከአካፋና ከዶማ ሥራ ነፃ ሆና ድጋፉን እንድታገኝ ተብሎ ነው የተሠራው። ቀበሌያችሁን ጠይቁ።

የእኛዋ ተማሪ ግን የተቀጠረችው ከወለደች በኋላ ነው። የወሊድ ፈቃዱ አይደርሳትም። ለእርሷ የቀራት ከአሠሪዋ ጋር መነጋገር ነው።

የእማማ የጡት ልጅ

ትምህርቱ ሊያልቅ ሲል እማማ እጃቸውን አነሡ። «እኔም አንድ ነገር ልናገር» አሉ።

«በወጣትነቴ ጎረቤቴ በወሊድ ሞተች። ልጇ ቀረ። እኔም የ5 ወር አራስ ልጅ ነበረኝ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ አድርጌ አጠባሁ። የሰፈር ሰው ‹ለሁለት አይበቃም፤ ሁለቱንም ትገያለሽ› አለኝ። በቃ። ሁለቱም አደጉ። ያ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው። በየዓመት በዓሉ በግ ይዞ ይመጣል። ‹እናቴ› ይለኛል። የጡት ልጄ ነው።»

እማማ ያደረጉት ነገር በአገራችን ጥንታዊ ነው። ጡት የሰጠች እናት ትባላለች። የጡት አባት፣ የጡት ልጅ የሚለውም ዝምድና የታወቀ ነው። በእስልምና ሃይማኖትም ከአንዲት ሴት ጡት በሚገባ የጠቡ ልጆች እንደ ወንድምና እኅት ይቆጠራሉ፤ አይጋቡም። ወተት ዝምድና ይሠራል ማለት ነው።

የጤና ሠራተኛዋ እማማን ተነሥታ ሳመቻቸው። ከዚያ ግን ጥንቃቄ ነገረችን። «እማማ የሠሩት ነፍስ ማዳን ነው። ዛሬ ግን ሳይመረመሩ የሌላ ሰው ልጅ ማጥባት አደጋ አለው» አለች። ኤች አይ ቪ በጡት ወተት ሊተላለፍ ይችላል። ሰው በመልኩ አይለይም። ስለዚህ እናቱ የሞተችበት ወይም የታመመችበት ሕፃን ቢኖር ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ልታጠባለት የፈቀደች ሴትም መጀመሪያ ትመርመር።

ቫይረሱ ያለባት እናትስ ልጇን አታጠባም ማለት ነው? አይደለም። መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች፣ የጤና ባለሙያ እየተከታተላት የራሷን ልጅ ማጥባት ትችላለች። ለሌላ ሰው ልጅ ግን አትሰጥም።

ወተት የሚቀመጥበት ባንክ

አንዱ ተማሪ «ታዲያ በሌላው ዓለም እናት የሌለው ጨቅላ ምን ይጠጣል?» ብሎ ጠየቀ። የሚገርም መልስ አለው። ገንዘብ የሚቀመጥበት ባንክ እንዳለ ሁሉ፣ የእናት ወተት የሚቀመጥበት ባንክ አለ።

የመጀመሪያው የወተት ባንክ የተከፈተው በ1909 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያ ከተማ በቪየና ነው። ዛሬ በዚህ ሥራ ከዓለም የምትመራው አገር ብራዚል ናት። ብራዚል ቡና አምራች ናት፤ እንደ እኛ ማለት ነው። እዚያ ሥራው በ1943 እ.ኤ.አ. በሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ተጀመረ። አሁን ከ200 በላይ የወተት ባንኮች አሏት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጇን አጥግባ ወተት የሚተርፋት እናት ትመዘገባለች። ጤንነቷ ይጣራል። ከዚያ ቤቷ ሆና ታልባለች። ዕቃው ውድ አይደለም። የላስቲክ ክዳን ያለው የብርጭቆ ማሰሮ ነው፤ ቡና ወይም ሌላ ምግብ ተሽጦበት ባዶ የቀረው ማሰሮ ተቀቅሎ ያገለግላል። ወተቱን በረዶ አድርጋ ታቆየዋለች። በአንዳንድ ከተማ ማሰሮውን ከየቤቱ የሚሰበስቡት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። እሳት ለማጥፋት የተዘጋጀ ሰው ወተት ተሸክሞ ይሄዳል።

ባንኩ ሲደርስ ወተቱ ይመረመራል። ከዚያ በ62.5 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ይሞቃል። አይፈላም። ይህ ሙቀት የኤች አይ ቪን ቫይረስና የበሽታ ተዋሲያንን ይገድላል፤ የወተቱን ጥቅም ግን አብዛኛውን አያጠፋም። ከዚያ ቀዝቅዞ ይቀመጣል።

ወተቱ ለማን ይሰጣል? ቅድሚያ የሚያገኙት ያለ ቀናቸው የተወለዱ ትንንሽ ሕፃናት ናቸው። አንጀታቸው ገና ስስ ነው። ከእናት ወተት ሌላ ሲሰጣቸው አንጀታቸው በከባድ በሽታ የሚመታበት ጊዜ ብዙ ነው። የአንዳንዶቹ ገበታ በአንድ ጊዜ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ስለዚህ አንዲት እናት የሰጠችው አንድ ሲኒ ወተት ትንሽ አይባልም።

ይህ ሥራ የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ አለ። ጎረቤታችን ኬንያም በ2019 እ.ኤ.አ. በናይሮቢ ከተማ በፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታል የወተት ባንክ ከፍታለች።

በእኛ ቀበሌ የወተት ባንክ የለም። ማቀዝቀዣም የለም። ነገር ግን ይህን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። የባንኩ ሥራ መሠረት የእናት እጅ፣ ንጹሕ ሲኒና ሳሙና ነው። እነዚህ በእኛም ቤት አሉ። እናት ለማታውቀው ልጅ አልባ ከሰጠች፣ ለወለደችው ልጅማ እንዴት ያቅታታል?

ከዚያስ ምን ሆነ?

ተማሪያችን ሰኞ ሥራ ጀመረች። ጡት አላስጣለችም። ጧት 12 ሰዓት ተኩል ላይ አልባ፣ ልጁን አጥብታ፣ 1 ሰዓት ላይ ትወጣለች። አማቷ የታለበውን በሲኒ ያጠጡታል። ባልዬው ደግሞ በምሳ ሰዓት፣ 6 ሰዓት ላይ፣ ልጁን ታቅፎ ወደ ችግኝ ጣቢያው ይወስደዋል። በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ ጓደኞቹ «ሞግዚት ሆንህ?» ብለው ሳቁበት። እርሱ ግን «የገዛ ልጄ ነው» ብሎ አለፈ። እናቲቱ በምሳ ታጠባዋለች። የተረፈውን ለከሰዓት አልባ ትሰጠዋለች።

ሁሉም ነገር ቀና ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። የሥራው ኃላፊ መጀመሪያ «ልጅ እዚህ አይገባም» አለ። ስሙን አንጠራም። የሚያጠቡ 5 ሴቶች አብረው ሄደው አነጋገሩት። «ምሳችንን ስንበላ ልጆቻችንም ይብሉ» አሉት። በመጨረሻ ከበሩ ውጪ ባለው የግራር ጥላ ሥር እንዲሆን ፈቀደ።

በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ወተቷ ቀነሰ። አንድ ማታ ክፍል ውስጥ አለቀሰች። የጤና ሠራተኛዋ «ሌሊት ስንት ጊዜ ታጠቢዋለሽ?» አለቻት። ደክሟት አንድ ጊዜ ብቻ ኖሯል። ልጁን ከጎኗ አስተኝታ በጠየቀ ቁጥር ማጥባት ጀመረች። አማቷም ጧት ጧት ተጨማሪ ቁርስ ሰጧት። በጥቂት ቀን ውስጥ ወተቱ ተመለሰ።

ልጁ አሁን 7 ወር ሆኖታል። ገንፎ ጀምሯል። ጡትም ይጠባል። የማዳበሪያው ዕዳ ግማሹ ተከፍሏል።

አንድ ቀን ቤታቸው ሄድሁ። ከእንስራው አጠገብ ሲኒው በሳሕን ውስጥ ተቀምጧል። በክዳኑ ላይ ብጣሽ ወረቀት አለ። በእርሳስ፣ በተንጋደደ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦

«12፡30 የታለበ። ከ4፡30 በኋላ እንዳይጠጣ።»

የጻፈችው እርሷ ናት። ያነበቡት አማቷ ናቸው። ሁለቱም የዚሁ የእኛ ጣቢያ ተማሪዎች ናቸው።

እንወያይ

1. ጡት እንደ ጎተራ ነው ወይስ እንደ ምንጭ? ለምን?
2. በቀበሌያችን እንገር የሚደፋ ሰው አለ? ምን ብለን እንምከረው?
3. የታለበ ወተት ያለ ማቀዝቀዣ ስንት ሰዓት ይቆያል? የት ይቀመጣል?
4. የምታጠባ ሚስት ወደ ሥራ ስትሄድ የባል ድርሻ ምንድን ነው?
5. የሌላ ሰው ልጅ ከማጥባት በፊት ምን መደረግ አለበት?

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ፣ ማንበብ ላልቻለች ጎረቤታችሁ አንብቡላት። የሳምንት ሰው ይበለን።